ዘበኛው ቤቱን ሲያጣብብ

በስሜን ተራራ ግርጌ ገብሱ እሸት በሚይዝበት ወራት ከደባርቅ ወጥቶ የሚሄድ መንገደኛ፥ በየማሳው ዳር ተቀምጠው አዝመራ የሚጠብቁትን ልጆችና ጎልማሶች ሳያይ አያልፍም። ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ አፋፍ በመንጋ እየወጣ እሸቱን ስለሚያበላሽ፥ የገበሬው ማሳ ያለ ጠባቂ አይውልም። መልካም ጠባቂ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ነቅቶ በመጠበቁ፥ ጥቂት በመብላቱና ባለቤቱን በከንቱ ባለመጥራቱ ነው። ነገር ግን አንድ ጠባቂ ጎጆውን በማሳው መካከል ቢሠራ፥ ዘመዶቹን ሁሉ ሰብስቦ ቢያመጣ፥ እሸቱን ከዝንጀሮው ይልቅ እርሱ ቢበላ፥ በየሰዓቱም «መጣብህ፥ ደመወዜን ጨምርልኝ» እያለ ቢጮህ፥ ገበሬው ከዝንጀሮውና ከጠባቂው ማንኛቸውን ማባረር እንደሚገባው ግራ ይገባዋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባብያን ላቀርበው ያሰብሁት ነገር ይህንኑ የመሰለ ነው። በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ዘበኛ አለው። ዘበኛውም በተለመደው ስሙ አንቲቫይረስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ይህ ዘበኛ በገንዘብ የሚገዛ አለ፤ በነጻ የሚገኝም አለ፤ ከመኪናው ጋር ተዋሕዶ የመጣም አለ። ብዙ ሰው ግን ማንኛው እንደሚበቃው ሳይመረምር፥ ወይም ፈርቶ ይከፍላል፥ ወይም ሰልችቶ ሁሉንም ያጠፋል። ሁለቱም መንገድ እንደሚጎዳ ካየሁት ነገር ልናገር።

በዳባት የሚኖሩ፥ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፥ በዕድሜም የሚበልጡኝ አንድ ወዳጅ አሉኝ። ሴት ልጃቸው ከውጭ አገር ላፕቶፕ ላከችላቸው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ አንድ የንግድ ዘበኛ ተቀምጦበት ነበርና፥ የመጀመሪያውን ወር በነጻ አገለገላቸው። ወሩ ሲያልቅ ግን በመስኮቱ ላይ ቀይ ምልክት እያወጣ «ያለ ጥበቃ ቀርተዋል» እያለ ያስጨንቃቸው ጀመር። እርሳቸውም ለልጃቸው ደወሉ፤ እርሷም አባቷ እንዳይጨነቁባት ብላ በቅናሽ ዋጋ ከፈለች። ዓመቱ ሲደርስ ሻጩ ማንንም ሳይጠይቅ ቅናሹን ትቶ ሙሉውን ዋጋ ከባንክ ካርዷ ላይ ወሰደ።

ወዳጄ ይህን ሲነግሩኝ፥ «ልጄ በሰው አገር ሌሊት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ ለማላየው ዘበኛ መክፈሏ አንገበገበኝ። ይባስ ብሎም መኪናው ጧት አስነሥቼው ቡናው ተፈልቶ አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ አይነሣም» አሉኝ። ከዚህም በቀር ዘበኛው የግዕዝ ፊደል መጻፊያቸውን ሶፍትዌር ሌባ ነው ብሎ ሰረዘባቸው። የፊደል መጻፊያ እያንዳንዱን የቁልፍ ንክኪ ተቀብሎ ወደ ፊደላችን የሚለውጥ ስለ ሆነ፥ የምሥጢር ቃል ለመስረቅ ቁልፍ ከሚያደምጥ ሰላይ ጋር መልኩ ይመሳሰላል። ዘበኛውም ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እንደ መሆኑ የቤቱን ሰው ከሌባ መለየት አልቻለም።

ይህ ሁሉ ግን ትዕግሥትን የሚፈታተን እንጂ ሰውን የሚጎዳ አልነበረም። ጉዳቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የወዳጄ ታላቅ እኅት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ በአንድ የውርስ ቤት ክርክር ተፈርዶባቸው ይግባኝ ለማለት አሰቡ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ወንድምዬው የይግባኙን ማመልከቻ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደክመው ጻፉ፤ መኪናው ስለሚዘገይባቸውም ጽሑፉን በአንዲት ፍላሽ ላይ ብቻ ያኖሩት ነበር። አንድ ቀን ፍላሿን ወደ አንድ የኅትመት ሱቅ ወስደው ጥቂት ገጽ አሳትመው ተመለሱ። በቤታቸው ሲሰኳት ዘበኛው ጮኸ፤ ጥቂት ቆይቶም «አደጋው ተወግዷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት አሳየ። ፍላሿ ስትከፈት ግን ባዶ ነበረች። ቀኑም 57ኛው ቀን ነበር።

ወንድምና እኅት ወደ ደባርቅ መጥተው ከሥራ ሰዓት በኋላ ቤቴ ገቡ። እርሳቸው ከኀፍረት የተነሣ ብዙ መናገር አልቻሉም። እትዬ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፥ «ልጄ፥ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የቀረኝ ሦስት ቀን ነው ብለውኛል። ጠፍቶ እንደ ሆነ ጠፍቷል በለኝ፤ በከንቱ ተስፋ አታስቀምጠኝ» አሉኝ። እኔም የነገሩን ፍሬ ለመመርመር ሥልጣንም የለኝ፥ ሥራዬም አይደለምና፥ የተመለከትሁት ፍላሿን ብቻ ነው።

ፍላሿን በገለጥሁ ጊዜ አንድም ጽሑፍ አልታየም። ነገር ግን በባሕርይዋ መግለጫ ላይ የተያዘውን ስፍራ ባየሁ ጊዜ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበረች። ጎተራው ባዶ ነው ቢሉ፥ ክብደቱ ግን እህል እንዳለበት ይናገር ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። በየኅትመት ሱቁ የሚገኘው፥ ሰዉ ሾርትከት ቫይረስ የሚለው ተባይ፥ የሰውን ጽሑፍ አይሰርዝም፤ ይሰውረዋል። በስፍራውም በጽሑፉ ስም የተጠራ ሐሰተኛ በር ያቆማል፤ ሰው ያንን በር ሲከፍት ተባዩ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል። የወዳጄ ዘበኛም ተባዩንና ሐሰተኛውን በር አጠፋ፤ የተሰወረውን ጽሑፍ ግን እንደ ተሰወረ ትቶት ሄደ። እንግዲህ ዘበኛው ሐሰት አልተናገረም፤ ሌባውን አባርሯል። ነገር ግን ሌባው የቆለፈውን ጓዳ ሳይከፍት፥ ባለቤቱም በጓዳው ውስጥ ንብረት እንዳለው ሳይነግረው ደመወዙን ተቀብሎ ተኛ።

በዊንዶውስ የፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ፥ ደግሞም የተጠበቁት የሥርዓቱ ፋይሎች እንዳይደበቁ ባዘዝሁ ጊዜ ማመልከቻው ሙሉውን ተገኘ። በመጀመሪያ ወደ ሌላ ስፍራ ገለበጥሁት፤ ቀጥሎም አሳተምነው። በ59ኛው ቀን ማመልከቻው ከመዝገብ ቤት ገባ። ይህን ለመሥራት የከፈልነው አንድም ሳንቲም የለም። ነገር ግን ወዳጄ ተስፋ ቆርጠው ፍላሿን እንደ አዲስ አጽድተዋት ቢሆን ኖሮ፥ ባንድ ንክኪ የእኅታቸውን የክርክር መብት ባጠፉ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የኮምፒዩተር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ይህ የዘበኛ ንግድ ከወዴት እንደ መጣ በአጭሩ እንመልከት። በግል ኮምፒዩተር ላይ በሰፊው የተዛመተ የመጀመሪያው ቫይረስ በ1986 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን አገር በላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት፥ ብሬይን የተባለው ነው። በማግሥቱ ዓመት ጆን ማካፊ በአሜሪካ አገር በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1988 ደግሞ በቼኮስሎቫኪያ ሁለት ሰዎች በኋላ አቫስት የተባለውን ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ዊንዶውስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የራሱ ዘበኛ አልነበረውምና፥ ከውጭ ዘበኛ መቅጠር ግዴታ ነበረ። የከፈለም ሰው አልተታለለም።

ነገሩ የተለወጠው በኋላ ነው። የዊንዶውስ ባለቤት የሆነው ማይክሮሶፍት በ2004 አንድ አነስተኛ የጸረ ስለላ ኩባንያ ገዛ፤ ከዚያም የተገኘውን ሥራ በ2006 ዲፌንደር ብሎ አወጣው። በ2009 ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ የተባለውን አንቲቫይረስ በነጻ ሰጠ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ዲፌንደር ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ ከሥርዓቱ ጋር ተዋሐደ። በመጀመሪያ ደካማ ነበር። በጀርመን አገር በማግደቡርግ ከተማ ያለው፥ አንቲቫይረሶችን የሚመረምረው ኤቪ ቴስት የተባለ ተቋም በ2012 ማብቂያ ላይ ለማይክሮሶፍቱ ነጻ ዘበኛ የብቃት ምስክር ወረቀት ከልክሎት ነበር። ዛሬ ግን ያው ተቋም ለዲፌንደር ከዋነኞቹ የንግድ ዘበኞች ጋር የሚተካከል ነጥብ ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ሙሉውን ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ ያን ጊዜ እውነት የነበረው ምክር ዛሬ እውነት አይደለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራልና፥ ብዙ ሰው ግን ከቤቱ ያለውን ዘበኛ ንቆ የውጩን ይቀጥራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለውም ይህ ነው።

ታዲያ የንግዱ ዘበኛ ስለ ምን እንዲህ ወፈረ? ምክንያቱ ገበያው ነው። ዘበኛው ደመወዙን የሚቀበለው በየዓመቱ ነው። ዝም ብሎ በሚገባ የሚጠብቅ ዘበኛ ይረሳል፤ የተረሳም ዘበኛ ውሉ አይታደስለትም። ስለዚህ መታየት አለበት፤ ለመታየትም ይጮኻል። ደግሞም ቤቱ በነጻ የሚሰጠውን ጥበቃ በገንዘብ ለመሸጥ ሌላ ነገር መጨመር ግድ ሆነበት፤ የምሥጢር ቃል ማስቀመጫ፥ ቪፒኤን፥ ቆሻሻ ማጽጃ፥ የራሱን የኢንተርኔት መስኮት ሁሉ እየጨመረ ሄደ። እያንዳንዱም ጭማሪ ከመኪናው ጉልበት ይበላል። በ2021 ኖርተን 360 የተባለው የንግድ ዘበኛ ባለቤቱ ሲፈቅድለት በሰውዬው ኮምፒዩተርና ኤሌክትሪክ ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ክፍል ጨምሮ፥ ከተገኘውም ከመቶ 15 እጅ ለኩባንያው ያስቀር ነበር። ጠባቂው በማሳው ላይ የራሱን ገብስ ሲዘራ ማለት ይህ ነው።

በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ሳንጠራው የሚመጣውም በሌላ ምክንያት አይደለም። የዘበኛው ኩባንያ ለላፕቶፑ ሠሪ ከፍሎ ያስቀምጠዋል፤ ለአንድ ወር ወይም ለጥቂት ወራት በነጻ ያገለግላል፤ ከዚያም ማስፈራራት ይጀምራል። ሳይጠይቁ ውል ማደስንም በሚመለከት የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2009 ሲማንቴክንና ማካፊን ጠይቋቸው፥ እያንዳንዳቸው 375,000 ዶላር ለመክፈልና ደንበኛን አስቀድመው በግልጥ ለማስታወቅ ተስማምተዋል። በ2021 ደግሞ የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን ስለዚሁ ነገር ከማካፊና ከኖርተን ቃል ኪዳን ተቀብሏል። ስለዚህ የወዳጄ ልጅ ያጉረመረመችው ብቻዋን አልነበረም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው በነጻ የሚሰጡትን ልያዝ» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በዚያም በኩል ዓይኑን ይግለጥ እላለሁ። ጠርጥር፥ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል። በነጻ የሚሰጥ የንግድ ዘበኛ ደመወዙን በሌላ መንገድ መፈለጉ አይቀርም። አቫስት የተባለው ዘበኛ ጀምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ደንበኞቹ በኢንተርኔት የሄዱበትን መንገድ እየመዘገበ ይሸጥ እንደ ነበር በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በጋዜጦች ተገለጠ፤ ቅርንጫፉም በዚያው ወር ተዘጋ። በየካቲት 2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገው። ደግሞም ስማቸው የተለያየ ሁሉ ባለቤታቸው የተለያየ አይምሰለን። አቫስት ኤቪጂን በ2016 ገዛ፤ ኖርተን አቪራን በ2021 ጠቀለለ፤ በ2022 ደግሞ ኖርተንና አቫስት ተዋሕደው ጄን ዲጂታል ተባሉ። አራቱም ስሞች ዛሬ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ከነጻዎቹ መካከል በእውነት ለሁሉ የተገለጠም አለ። ክላም ኤቪ የተባለው አሠራሩ ለማንም አንባቢ ክፍት ሆኖ የተጻፈ ሲሆን፥ ዛሬ የሚንከባከበው ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ነው። ነገር ግን ይህ በዊንዶውስ ላይ ሲታዘዝ የሚመረምር እንጂ ሌሊትና ቀን በደጅ የሚቆም አይደለምና፥ ለሁለተኛ ምርመራ እንጂ ለብቸኛ ዘበኛነት አይመችም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የውጭ አገር ክፍያ የሚፈጽምበት ካርድ የለውም። ብሩም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በዶላር የሚከፈል የዓመት ውልም በዚያው ልክ ከበደ። ስለዚህ ጎልማሶቻችን ክራክ የሚባለውን፥ ማለት ቁልፉ የተሰበረውን የንግድ ዘበኛ ከሱቅ በፍላሽ ያመጣሉ። ይህን ለማስገባት ደግሞ አስቀድሞ የቤቱን ዘበኛ አጥፉ ይባላሉ። አስቡት፤ አንድ የማናውቀው ሰው ሌሊት ደጅ መጥቶ «እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ውሻህን እሰርና አስገባኝ» ቢል ማን ያስገባዋል? በኮምፒዩተር ሲሆን ግን በየቀኑ እናስገባለን። ቁልፍ የሚሰብር ሰው ለእኛ ሲል ብቻ በነጻ አይደክምም፤ ብዙ ጊዜ ስርቆቱን በዘበኛው ልብስ ሸፍኖ ይልካል።

በፍርድ ሚዛን ለመናገር፥ የሚከፈልበት ዘበኛ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ኮምፒዩተር ያለው ባንክ ወይም ትልቅ መሥሪያ ቤት ሁሉንም ካንድ ስፍራ የሚቆጣጠርበት፥ ባለሙያም የሚከታተለው ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም መክፈል ተገቢ ነው። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ዘበኛ ስሕተት የለበትም ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ማካፊ ባወጣው አንድ ዕለታዊ ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን ዋና አካል ቫይረስ ነው ብሎ ስለ ያዘ፥ በብዙ አገር ኮምፒዩተሮች ከሥራ ውጭ ሆኑ። በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የድርጅቶች ዘበኛ አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ልኮ፥ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖችም ከበረራ ቀሩ። ዘበኛ በቤቱ ልብ ውስጥ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፥ እርሱ ሲወድቅ ቤቱን ይዞ ይወድቃል።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የሚበቃው ጥበቃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ልናገር።

አንደኛ፥ አንድ ዘበኛ ብቻ ይኑር። ሁለት ዘበኞች በአንድ ደጅ ሲቆሙ እርስ በርሳቸው ይጠራጠራሉ፤ መኪናውም በመካከላቸው ይደክማል። የንግዱ ዘበኛ ሲገባ ዲፌንደር ራሱ ወደ ጓዳ ይገባል፤ የንግዱ በሚገባ ሲነቀል ደግሞ ተመልሶ ይቆማል። መንቀያ መሣሪያውንም ብዙዎቹ ኩባንያዎች በራሳቸው ገጽ ያወጡታል። ከነቀሉ በኋላ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ በተባለው መስኮት ውስጥ ዲፌንደር መነሣቱን ማየት ያስፈልጋል። ወዳጄም ይህን ካደረጉ ወዲህ ላፕቶፑ ቡናው ሳይፈላ ይነሣል፤ የልጃቸውም ዓመታዊ ክፍያ ቀርቷል።

ሁለተኛ፥ ማሻሻያን አለማቋረጥ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሰውን ጽሑፍ እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎችም ከተጎዱት መካከል ነበሩ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወጥቶ ነበር። የደፈነ ዳነ፤ ያልደፈነ ተጎዳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የሚስማማው ለዚህ ነው። በእኛ በኩል ይህ ነገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ የብዙ ሰው ዘበኛ ዕውር ሆኖ ቆየ። ነገር ግን የዲፌንደርን ዕለታዊ የቫይረስ መዝገብ ማይክሮሶፍት እንደ አንድ ራሱን የቻለ ፋይል በነጻ ስለሚያወጣው፥ መስመር ያለው ሰው ከጎንደር ወይም ከመሥሪያ ቤት በንጹሕ ፍላሽ አምጥቶ ለጎረቤት ሊያካፍለው ይችላል። ደግሞም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ስለ ሆነ፥ ያንን የያዘ ሰው ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻገር፥ ካልቻለም ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ማሰብ ይገባዋል።

ሦስተኛ፥ ፍላሽን እንደ እንግዳ ዕቃ መቍጠር ነው። ከኅትመት ሱቅ የተመለሰ ፍላሽ ሳይከፈት ይመርመር። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ሁሉ የቀስት ምልክት ከያዘ አይነካ፤ ባዶ ሆኖም ከታየ የተያዘው ስፍራ ይታይ እንጂ ተቻኩሎ አይጽዳ። በሱቅ የሚታተመውንም ለብቻው በሌላ ፍላሽ መውሰድ ብልኅነት ነው።

አራተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ቅጂ ማኖር ነው። የቤት ውል፥ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፥ የትምህርት ማስረጃ፥ የሞቱብን ወላጆች ሥዕል ያለበት ኮምፒዩተር ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ማንኛውም ዘበኛ መልሶ አያመጣውም። ስለዚህ አንድ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ በሣጥን ውስጥ፥ አንድ ቅጂ ደግሞ በሌላ ቤት በዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። አባቶቻችን ውልን በሁለት በሦስት ወረቀት አጽፈው በየወገኑ ያኖሩት የነበረው ይህንኑ ዐውቀው ነው።

አምስተኛ፥ ዘበኛ የማይጠብቀው በር እንዳለ ማወቅ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ሌባም የኩባንያ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ደውሎ የምሥጢር ቍጥር ሲጠይቅ፥ በዓለም ላይ ያለ አንቲቫይረስ ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን ቍጥር ከአፋችን ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ላሉ አረጋውያንና ልጆች «የምሥጢር ቍጥርህን ለማንም አትናገር» ብሎ መምከር በገንዘብ ከሚገዛ ጥበቃ ይበልጣል። ተጎድቶ የተገኘም ሰው ዝም አይበል፤ የሰውን ኮምፒዩተር ያለ ፈቃድ መግባትና ማበላሸት በዐዋጅ ቍጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነውና ለፖሊስ ያመልክት።

ብዙ ሰው «ነጻ ከሆነ አይረባም፤ ውድ ከሆነ ይጠቅማል» ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ በልብስና በበቅሎ ገበያ ምናልባት ይሠራ ይሆናል፤ በዚህ ነገር ግን አይሠራም። የዘበኛ ዋጋው በሚያሳየው ቀይና አረንጓዴ ምልክት አይመዘንም፤ በጠበቀው ንብረት ይመዘናል። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ጥበቃን ለዘበኛው ብቻ ጥሎ መተኛት የለበትም።

እትዬ ማመልከቻቸውን ካስገቡ በኋላ ወደ ዳባት ከመመለሳቸው በፊት ቤቴ ተመልሰው መጡ። ቡና ቀርቦላቸው ከጠጡ በኋላ ከመቀነታቸው ፈትተው አንዲት ፍላሽ አወጡ። ወንድማቸው የሰጧቸው የማመልከቻው ቅጂ ነበረች። «እርሱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ ብሎኛል፤ አንተም ዘንድ ወረቀቱ አለ። ይቺን ደግሞ እኔ ከቤት ወረቀቴ ጋር በሣጥኔ አኖራታለሁ» አሉኝ። ፊደል ያልቆጠሩት እትዬ በሦስት ቀን ውስጥ የተማሩት ትምህርት፥ እኛ ፊደል የቆጠርነው ብዙ ዓመት ያልተማርነው ነው።